ምስር ስለቅም የተቀዳች ሙሾ

ብልባላ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኪዳን ምሥጋናው፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻው ገፍቼዋለሁ። ከንዴቴ የተረፈ ካለ እዚያ ታገኘዋለህ።

ስምንት ጊዜ ደውዬ ለምን አላነሳችም ብለህ በሾፌሩ በአብዱልጀባር አስጠይቀሃል። ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም፤ ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ እያየሁት ነው ዝም ያልኩት። አንተ የሰማኸውን ሁሉ የምትቀዳ ሰው ነህ፤ ከእንግዲህ ከእኔ የምታገኘው ወረቀት ብቻ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማርኳት ፊደል ለዚህ ቀን ኖሯል የቆየችኝ። ወረቀቱን አብዱልጀባር ወልድያ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የአውቶቡሶቹ ጉዳይ ነው።

ምንም እንደማያውቅ ሰው «ምን ተፈጠረ?» ብለሃልና ልንገርህ። የጋሼ አረጋ የበኩር ልጅ ሞላ ለጥምቀት ላሊበላ ወርዶ ነበር። እዚያ ኔትወርክ አለ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያየውን እሱም አየ። ምን አየ መሰለህ? እኔን። የጓዳ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼ ተንሸራቶ፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር እየለቀምኩ የአባቱን ሙሾ ስደረድር። የአባቱን፣ ኪዳን! በሕይወት ያለ፣ ትናንት ከእሱ ጋር እህል የበላ አባቱን! ሞላ ስልኩ ላይ ጭኖት መጣና በገበያ ቀን ለአገሬው ሁሉ አሳየው። ስንኙ ከጠፋህ ይኸው፦

አረጋ በበሩ ማለዳ ሲወጣ፣
ጎረቤቱ ሁሉ ሞፈር ይዞ መጣ፤
ዛሬ ቀረ አሉኝ ደጁን ሳይከፍትልን፣

እዚህ ላይ ከምስሩ ድንጋይ አንስቼ «ወይ ጉድ፣ ይቺስ ጥርስ ታረግፋለች!» እላለሁ፤ ከዚያ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። አራተኛዋን ስንኝ ሳልላት ያንተ ነገር ያልቃል።

ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ያለ እኔ የተቀበረ ትልቅ ሰው የለም። ዛሬ ግን ባንቺዓለም አልቃሽ መሆኗ ቀርቶ ሟርተኛ ናት። ያልሞተ ሰው ገድላ ስቃ ጨረሰችው ይላሉ። ውኃ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ሳይሞሉ ይነሳሉ።

ኅዳር ላይ መጥተህ ምን ተባባልን? ድምፄን እንጂ መልኬን አይደለም። ለቅሶ ላይ የተባለውን እንጂ ጓዳ የተባለውን አይደለም። «እሺ አክስቴ» ብለህ ጉልበቴን ስመሃል። ሙሾ እንደማንኛውም ሥራ ቀድሞ ይታሰባል፤ አልቃሽ ሁሉ ይህን ታደርጋለች፤ የሚያደርገውን ግን ማንም አያሳይም። አንድ ሰው ሲያረጅ፣ ሲታመም፣ ምን እንደምለው በልቤ አዞራለሁ፤ እሱ እስኪሄድ ከከንፈሬ አይወጣም። አንተ ከከንፈሬ ወሰድከው።

አጥፋው። ዛሬውኑ አጥፋው።

ሰላምታው እነሆ፦ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ለፈጣሪ ምስጋና። አንተስ ደህና ነህ?

አክስትህ ባንቺዓለም


አዲስ አበባ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ቢነሱኝም ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ቪዲዮውን አጥፍቻለሁ። እውነቱን ልደብቅዎ አልችልም፤ ሌሎች ገልብጠው በየራሳቸው ገጽ ላይ አውጥተውታል፤ እነሱን ለማስጠፋት እየለመንኩ ነው።

ለምን እንዳወጣሁት ባይጠይቁኝም ልንገርዎ። ፖድካስታችን «የላስታ ጆሮ» ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያዳምጠው ሁለት መቶ ሰው አይሞላም ነበር። ድምፁን አጥበን፣ አጣርተን፣ አንድ ሰዓት የሚሞላ ክፍል እናወጣለን፤ ግማሹ ሰው ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይሄዳል። አብራኝ የምትሠራው ሰብሌ አንድ ቀን ተናደደችና፣ «ሰው የተጠበባችሁበትን አይወድም። ስትሳሳቱ፣ ስትስቁ፣ ገመድ ሲጠላለፍባችሁ አሳዩት። ጓዳችሁን ያየ ሰው ቤተኛ ይሆናል፤ ቤተኛ ደግሞ አይሄድም» አለችኝ። መጀመሪያ ያወጣሁት የራሴን ነው። ብልባላ መንገድ ላይ በቁም ነገር ስናገር አህያ አናፍቶ ሲያቋርጠኝ፣ እኔም ይቅርታ ስጠይቀው። ሰው መጣ። «ከመጋረጃ ጀርባ» ብለን በየሳምንቱ አጭር ቪዲዮ ማውጣት ጀመርን። ቀጥሎ የእርስዎን ሁለት ደቂቃ አወጣሁ። አርባ ሺህ ሰው አየው። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ክፍል እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ «እማማ ባንቺ ምስሩን ጨረሱት ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ይወዱዎታል አክስቴ። የገባሁትን ቃል ያስረሳኝ ይህ ነው። ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት እንዳልሆነ ገብቶኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ያን ቀን ጋሼ አረጋ ራሳቸው አጠገብዎ ተቀምጠው ነበር እኮ! ብርሃኑን ሲጋርዱብኝ «ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበሉልኝ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሳላቸውንም ንግግራቸውንም ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰው አጭር ነገር ነው የሚያየው ብዬ። ሙሾውን እየሰሙ አብረው ይስቁ ነበር። ታዲያ ይህን ለሞላ ለምን አይነግሩትም? እርሳቸውስ ለምን «ነበርኩ» አይሉም?

ታዛዥዎ ኪዳን


ብልባላ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኪዳን፣

እንደምን ሰንብተሃል። የእኔን አትጠይቀኝ።

ጋሼ አረጋ ለምን አይናገሩም ትላለህ። ጥር 22 ቀን ከአውድማ ሲመለሱ ወደቁ። ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፤ አንደበታቸው ተዘግቷል። ዓይናቸው ብቻ ይዞራል አሉ። አሉ የምልህ እኔ ስላላየሁ ነው። እንቁላል በጨርቅ ቋጥሬ ልጠይቃቸው ብሄድ ሞላ ደጅ ላይ ቆመ። «የጀመርሽውን ልትጨርሺ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። በኅዳር ሙሾ ወረደ፣ በጥር ሰውዬው ወደቁ፤ ለእነሱ ነገሩ ያለቀለት ነው።

እኔ ለምን አልነገርኩም ትላለህ ደግሞ። ብናገር የሚቀጥለው ጥያቄ «አባታችን የራሱን ሙሾ ሊሰማ ምን አስቀመጠው?» ነው። የዚያ መልስ የእኔ አይደለም፤ ተወው።

የሳቅሁበትን ግን ልንገርህ፤ አንተ ስትቆርጠው ልብ አላልከውም ይሆናል። «ደጁን ሳይከፍትልን» ስል ጋሼ አረጋ ከግድግዳው ሆነው፣ «ባንቺ፣ እኔ ደጄን መች ዘግቼ አውቃለሁ? አጥሬ መዝጊያ እንኳ የለውም። ውሸት አታልቅሽብኝ» አሉኝ። ሰው የራሱን ሙሾ ሲያርም አይተህ ታውቃለህ? በዚህ ነው የሳቅሁት። አንተ እሳቸውን ቆርጠህ ስታወጣ ሳቄ ድንጋይዋ ላይ ወደቀ። አርባ ሺህ ሰው ባንቺዓለም በድንጋይ የምትስቅ፣ በሞት የማትደነግጥ አሮጊት ናት ብሎ ወደደኝ። የወደደኝን ሰው አላውቀውም፤ የሚያውቀኝ ሰው ጠላኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

«ቤተኛ» ያልከው ቃል ደግሞ አናደደኝ። ቤተኛ ስታመም የሚመጣ ነው። ከአርባ ሺሁ አንዱ መጥቶ ውኃ ቢቀዳልኝ እመርቀው ነበር። መጋረጃስ የሚሰቀለው ለምን ይመስልሃል? ከጀርባው ያለው እንዳይታይ አይደለም ወይ? ቤተ መቅደሱም መጋረጃ አለው። ጓዳን መሸፈን ማታለል አይደለም ልጄ፤ ለሰው ክብር መስጠት ነው።

ባለፈው ሳምንት ወለተ ሐና አረፈች፤ ከእኔ ጋር የተዳረች የልጅነት ጓደኛዬ። ከላሊበላ አልቃሽ አስመጡ። ስሟን እንኳ በቅጡ አልጠራችውም፤ «የፈረሱ ጌታ እህት» እያለች አለቀሰች፤ ወለተ ሐና ወንድም አልነበራትም። እኔ ከኋላ ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበርክ አታስታውሰውም። አባትህ ምሥጋናው ፍላቂት ሄዶ በዚያው ሲቀር ክረምት ነበር፤ መኪና አያልፍም። «እዚያው ይቀበር» አሉ። ጋሼ አረጋ ግን አራት ጎረምሳ አስከትለው ሄዱ፤ ወንዝ ሲሞላ እስኪጎድል እየጠበቁ በቃሬዛ አመጡልኝ። ያን ቀን አባትህን እዚህ ያለቀስኩት እሳቸው ስላመጡት ነው። ውለታቸውን የምመልስበት አንድ ቀን ብቻ አለኝ፤ እሱም የሚሄዱ ዕለት ነው። ያቺን ቀን ነው የወሰድክብኝ።

ባንቺዓለም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ስለ አባቴ የጻፉልኝን ካነበብኩ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። ማንም አልነገረኝም ነበር።

አንድ ነገር አደረግሁ፤ ይቆጡኝ ይሆናል። የዚያን ቀን ሙሉውን ቅጂ ከፍቼ ከመጀመሪያው አዳመጥኩት። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ስወጣ መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር። እኔ በሌለሁበት የተነጋገራችሁት ሁሉ አለ። ጋሼ አረጋ ብቻቸውን ሐኪም ቤት ሄደው እንደነበር፣ ሐኪሙ ደም ሥራቸው እንደተጎዳና ጊዜያቸው አጭር እንደሆነ እንደነገራቸው፣ «ልጆቼ ከሰሙ በሬዎቹን ሸጠው አዲስ አበባ ያንከራትቱኛል፤ ለማይድን ሰው ጎተራ አይራቆትም፤ አንቺ ብቻ እወቂ፣ ለሙሾሽ» እንዳሉዎት ሰማሁ። የሚጠብቁት ምሥጢር ይህ መሆኑ አሁን ገባኝ።

አክስቴ፣ ይህቺ አንድ ደቂቃ ናት። ለማንም አላወጣትም፤ ለሞላ ብቻ ልላክለት። ከሰማት መጥቶ እግርዎ ላይ ይወድቃል። እሺ ይበሉኝ።

ኪዳን


ብልባላ፣ የካቲት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኪዳን፣

እሺ አልልም!

ዛሬም ያው ነህ፤ በቅጂ ያበላሸኸውን በቅጂ ልታቃና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያንተ መቅጃ ደግሞ አፋፉንም ያልፋል።

እስቲ አስበው። ሞላ አባቱ ሞቱን አውቆ፣ ለበሬ ሲል ዝም ብሎ እንደወደቀ ቢሰማ፣ ዕድሜ ልኩን በእነዚያ በሬዎች እንዴት ያርሳል? በጠመዳቸው ቁጥር ምን ይሰማዋል? አባቱ ያን ሁሉ የዋጡት እሱ በሰላም እንዲያርስ ነው። እኔን ሟርተኛ ብሎ ቢጠራኝ ይሻለኛል። ስም ነው፤ እሸከመዋለሁ።

ያን ደቂቃ ከሥሩ አጥፋው። አጥፍቻለሁ ብለህ በአባትህ ስም ማልልኝ። ሌላ የምለው የለኝም። በንዴት ስለምጽፍ ፊደሉ ካልተነበበልህ ቁጣው ይነበብልሃል።

ባንቺዓለም


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናናዎ። የጋሼ አረጋን ዕረፍት አብዱልጀባር ነገረኝ።

በአባቴ በምሥጋናው ስም፣ ቅጂው ጠፍቷል። ሰብሌን እንኳ አላሰማኋትም። «ከመጋረጃ ጀርባ»ንም አቁሜዋለሁ። ከእንግዲህ የሰው ጓዳ ከማሳየቴ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዳለሁ ብያታለሁ፤ አኩርፋለች።

ከብልባላ አንድ ሰው ለቅሶውን በስልኩ ቀድቶ ልኮልኛል። ሜዳው፣ ሕዝቡ፣ የሰርግ ድምፅ ማጉያ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከእሱ ውስጥ የእርስዎ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሳቅዎ መጣ፤ ማየቴን አቆምኩ። ደግሜ ስሞክር ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል ቪዲዮውም ያልቃል። ከዚያ በኋላ እርስዎ ከዳር ሆነው አራተኛዋን ስንኝ እንዳሉ ሰዎች ይጽፉልኛል። በሺህ የሚቆጠር ሰው «ስንኟ ምን ነበረች?» ይለኛል። ላውጣት አላልኩም። ለእኔ ብቻ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ። ምን ሆነ አክስቴ?

ኪዳን


ብልባላ፣ መጋቢት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኪዳን፣

ዛሬ ሰላምታዬን መጀመሪያ አስቀምጬልሃለሁ። ደህና ነህ ወይ? ጾሙ አልከበደህም? መማልህን አምኜሃለሁ።

የሆነውን ልንገርህ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። መጋቢት 9 ቀን ጥሩምባው ሲነፋ ጥቁሬን ለበስኩ። ሞላ «እንዳትመጣ» ብሎ አስቀድሞ ልኮብኝ ነበር። ሄድኩ፤ ግን ከሜዳው ዳር ወይራው ሥር ቆምኩ። ከላሊበላ የምትመጣዋ አልቃሽ ታማለች ተባለ። ሰው ግራ ሲጋባ ሞላ፣ «የአባቴ ሙሾ ተዘጋጅቶ የለም ወይ! ያሟረተችው ታልቅስ» አለና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካው።

ኪዳን፣ ሰው በራሱ ድምፅ ሲባረር አይቼ አላውቅም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው። ድምፄን ጠሩት፣ እኔን ገፉኝ። የጓዳ ድምፄ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ጮኸ። ይሁን፤ ሙሾ ሙሾ ነው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ «ደጁን ሳይከፍትልን» አለ። ሁሉም እጁን አንስቶ አራተኛዋን ይጠብቃል። «ወይ ጉድ፣ ይቺስ ጥርስ ታረግፋለች!» እና ያ ሳቄ፣ በጋሼ አረጋ አስከሬን ላይ።

ሞላ ማጥፊያውን ሲፈልግ ይባስ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ። «አረጋ በበሩ» ብሎ ሦስቱንም አለና ሁለተኛ ሳቅሁ። አንዱ ቄስ ፊታቸውን አዞሩ። በመጨረሻ ገመዱን በጥሶ ጣለው።

ሴቶቹ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ፤ ማውረድም አልቻሉም፣ መምታትም አልቻሉም። ስንኝ አንጠልጥሎ ሰው አይቀበርም። እኔ ልናገር ብዬ አልወሰንኩም፤ እንዲያው ከወይራው ሥር እንደቆምኩ ሦስተኛዋን አርሜ አራተኛዋን አወጣኋት። ጋሼ አረጋ ከግድግዳው ሆነው ያረሙኝን፣ የእሳቸውኑ ቃል፣ በግጥሙ ቤት ልክ አስገብቼ።

ባለቤታቸው ወለተ ሩፋኤል አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ቀና አለች። «ይሄ የእሱ አፍ ነው» አለች። «አርባ ሁለት ዓመት ይቺኑ ሲለኝ የኖረውን! ሳይነግራት አታውቀውም።» ሕዝቡን ጥሳ መጥታ እጄን ያዘችና ከራስጌያቸው አቆመችኝ። ከዚያ በኋላ አለቀስኩላቸው። የአባትህን ቃሬዛ፣ የሞላውን ወንዝ፣ ሁሉንም አልኩት። ድምፄ እስኪዘጋ።

ከሰልስቱ ማግስት ሞላ መጣ። ይቅርታ አላለኝም፤ ወንድ ልጅ ሆኖ ከየት ያምጣው! ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፣ ልክ አባቱ የተቀመጡበት ላይ። «እዚህ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን አለሽ?»

ያቺን ጥያቄ ስፈራት ነው የከረምኩት። «አጥሬ መዝጊያ የለውም አለኝ» አልኩት። አለቀሰ። ሌላውን ዋጥኩት፤ አብሮኝ ይቀበራል። አንተም ዋጠው። ከሰኔ ጀምሮ በበሬዎቹ ያርሳል።

አርባው ሚያዝያ 18 ነው። ና። ግን ስልክህን ወልድያ ትተህ ና፤ ካመጣኸው ከነጋቢህ ትመለሳለህ። ወለተ ሩፋኤልን እግሯን ትስማለህ፤ አባትህን ያመጡበትን መንገድ ሞላ ያሳይሃል።

ስንኟን ደግሞ አልጽፍልህም። ለአርባ ሺሁም፣ ለአንተም። ቢናፍቃቸው ይናፍቃቸው፤ እኔ ያቺን ስንኝ ያወጣኋት አፈር ለሚለብስ ሰው ነው። ቤተኛ ነኝ ካሉህ እንዲህ በላቸው፦ መስማት የወደደ ለቅሶ ይድረስ።

አክስትህ ባንቺዓለም